ጆ ልዊስ፤ የሰጠውና የተጠየቀው

ጒልበት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ በጒልበት አለመመካት ግን ሰው በትምህርትና በትዕግሥት የሚያገኘው ሀብት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ተባብረው ሲገኙ የዚያ ሰው ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። በቡጢ ግጥሚያ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ልዊስ እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ነበረ። ታሪኩም የሚጠቅመው ቡጢ ለሚማሩ ወጣቶች ብቻ አይደለም፤ የሕዝብን ገንዘብና የመንግሥትን ሕግ እንዲጠብቁ ለተሾሙትም ጭምር ነው።

ሙሉ ስሙ ጆሴፍ ልዊስ ባሮው ሲሆን፣ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። አያቶቹ በባርነት የኖሩ፣ ወላጆቹም የሰው መሬት እያረሱ ከምርቱ ለባለ መሬቱ የሚያካፍሉ ድኾች ነበሩ። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሐኪም ቤት ገብቶ ከቤተ ሰቡ ተለየ። እናቱ ሌላ ባል ካገባች በኋላ በ1926 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ወደ ዲትሮይት ከተማ ፈለሰ። በዚያም ጆ የእንጨት ሥራ ተማረ፤ በፎርድ የመኪና ፋብሪካም ሠራ። የሥራ ማጣት ችግር በአገሩ ላይ በጸና ጊዜ ቤተ ሰቡ ከከተማው የድኾች መርጃ ገንዘብ እየተቀበለ ኖረ። ጆ በቡጢ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ግን ማንም ሳያስገድደው ያንን ርዳታ ለከተማው መልሶ ከፈለ።

የቡጢን ጥበብ የጀመረው በዲትሮይት ነው። እናቱ ቫዮሊን እንዲማርበት የሰጠችውን ገንዘብ ለቡጢ መማሪያ አዋለው ይባላል። በሐምሌ 1934 ዓ.ም. ለገንዘብ ያደረገውን የመጀመሪያ ግጥሚያ በቺካጎ አሸንፎ 59 ዶላር ተቀበለ። አሠልጣኙ ጃክ ብላክበርን፣ አስተዳዳሪዎቹም ጆን ሮክስቦሮና ጁልየን ብላክ ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ፤ በፊታቸው ያለውንም መሰናክል ያውቁ ነበር። ከ1908 እስከ 1915 ዓ.ም. የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን በተሸነፉት ላይ ስለ ተሣለቀና ነጮች ሴቶች ስላገባ ብዙ ነጮች በእጅጉ ጠልተውት ነበር። ከእርሱም በኋላ ለ22 ዓመት ማንም ጥቁር ለዚህ ማዕርግ እንዲገጥም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ አስተዳዳሪዎቹ ጆን በወደቀው ላይ እንዳይደሰት፣ ከመታበይም እንዲርቅ አዘዙት። አንድ ሰው ቢሳሳት በወገኖቹ ሁሉ ላይ በር እንደሚዘጋ ተረድቶ ትእዛዙን በአደባባይ ጠበቀ።

በሰኔ 1935 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከኢጣልያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋራ ገጠመ። ካርኔራ ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ በቁመቱና በክብደቱ እንደ ጎልያድ የሚታይ ሰው ነበር፤ የሙሶሊኒም መንግሥት የፋሺስት ኀይል ምልክት አድርጎ አሞግሶታል። ጊዜው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውጋት ጦሩን የሚያከማችበት ስለ ነበረ፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን የሁለት ሰዎች ብቻ አድርገው አልተመለከቱትም። ከ60,000 በላይ ሕዝብ እያየ ጆ ልዊስ በ6ኛው ዙር አሸነፈ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር የኢትዮጵያን ድንበር ጥሶ ገባ። የአንድ ሰው ክንድ ወራሪን ሊያግድ አይችልም፤ ለተገፋ ሕዝብ ግን ተስፋ ሊሆን ይችላል።

በ1936 ዓ.ም. ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር መትቶ ጣለው። ይህ ውድቀት ትጋትን አስተማረው። በ1937 ዓ.ም. ጄምስ ብራዶክን በ8ኛው ዙር አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሰኔ 1938 ዓ.ም. ከሽሜሊንግ ጋራ ዳግመኛ ሲገናኝ ናዚዎች ግጥሚያውን የዘር ብልጫ መመስከሪያ ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ጆ ግን በ124 ሰኮንድ ጨረሰው። ቀድሞ ጥቁርን የማያከብሩ ነጮች እንኳ በዚያች ሌሊት የአገራቸው ጀግና አደረጉት።

በ1942 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሩ በጦርነት ላይ ሳለች ሁለት ጊዜ ማዕርጉን ለአደጋ አቅርቦ ገጠመ። የመጀመሪያውን የድል ዋጋ ለባሕር ኀይል፣ ሁለተኛውን ለምድር ጦር ቤተ ሰቦች መርጃ ሰጠ። ራሱም ወታደር ሆኖ ተመዘገበ፤ ወታደሮችን ለማበረታታት 96 የትርኢት ግጥሚያ አደረገ። ያገለገለው ሠራዊት ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. ማዕርጉን 25 ጊዜ ተከላክሎ፣ ሳይሸነፍበት ተወው። በዚህ ጊዜ ግን የግብር መሥሪያ ቤቱ ብዙ ዕዳ ቈጠረበት። ለሠራዊቱ የሰጠው ገንዘብ ሳይቀር እንደ ራሱ ገቢ ታስቦ ግብር ተጠየቀበት፤ በ1950 ዓ.ም. ዕዳው ከ500,000 ዶላር በላይ ደረሰ፤ ወለዱም በየዓመቱ ይጨምር ነበር። እርሱም ፈጽሞ ከነቀፋ የነጻ አልነበረም፤ እጁ ለሁሉ የተዘረጋ፣ ሒሳቡን ለሌሎች የተወ፣ ለነገ የማያስብ ነበር። ዕዳውን ለመክፈል በ36 ዓመቱ ወደ ቡጢ ተመልሶ በኢዛርድ ቻርልስ ተሸነፈ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ሮኪ ማርሲያኖ መትቶ ጣለው። እናቱ በ1953 ዓ.ም. ስትሞት የተወችለትን 667 ዶላር እንኳ ግብር ሰብሳቢው ወሰደው። ኋላም ለእንጀራው ብሎ የትርኢት ትግል ታገለ። መሥሪያ ቤቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥያቄውን አላላለት፤ እርሱ ግን ያን ጊዜ ጒልበቱን ጨርሶ ነበር።

ጆ ልዊስ በ1981 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ዐረፈ። በፕሬዚዳንት ሬጋን ልዩ ፈቃድ በአርሊንግተን በሚገኘው የወታደሮች መካነ መቃብር በክብር ተቀበረ። ለቀብሩም ከረዱት አንዱ የቀድሞ ባላጋራው ሽሜሊንግ ነበረ።

ግብር ለታላቁም ለታናሹም እኩል ይሁን ማለት ፍትሕ ነው፤ ሕግ አስከባሪውም ስለዚህ አይነቀፍም። ዳሩ ግን አንድ ሰው በፈቃዱ ለሕዝብ የሰጠውን እንደ ያዘው አድርጎ መቍጠር የሒሳብ ጥንቃቄ እንጂ የፍርድ ማስተዋል አይባልም። ድኻ ሳለ የተቀበለውን ርዳታ ያለ ጠያቂ የመለሰ ሰው ዕዳውን ሊክድ አይታሰብም ነበር። ለአርሊንግተኑ ቀብር የተገኘው ልዩ ፈቃድ በሕይወቱ ሳለ ተገኝቶለት ቢሆን፣ ያረጀ ገላውን ለማርሲያኖ ቡጢ ባላቀረበ ነበር። ስለዚህ የሕዝብ መዝገብ በእጃቸው ያለ ሰዎች፣ ከሚፈለግበት ገንዘብ ጋራ የሰጠውንም አገልግሎት ቢመለከቱ፣ ክብር ከመቃብር በፊት ለባለቤቱ ይደርሳል።