አባ ሙሴ ጸሊም

ስንክሳር በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የሚያስበው አባ ሙሴ ጸሊም አስቀድሞ በግብፅ አገር የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ። ጌታው ስለ ስርቆቱ ባባረረው ጊዜ የሽፍቶች አለቃ ሆነ፤ የሚያዘው ሰው ባይኖርም ለሆዱና ለቍጣው ከፊተኛው በጸና ባርነት ተገዛ። በኋላ እግዚአብሔርን ሊፈልግ ወደ አስቄጥስ በረሃ ሄዶ ከአባ ኤስድሮስ ዘንድ ተማረ፤ ተጠምቆም መነኰሰ። የቀድሞው ምኞት ግን ብዙ ዘመን ታገለው፤ ይህን ማስተዋል ይገባል፤ ነጻነቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለምና። ውሃው ሩቅ ሳለ ሌሊት እየተነሣ የሸመገሉትን መነኮሳት እንስራ ይሞላ ነበረ። ሰውን ዘርፎ ያላገኘውን ደስታ ማንም ሳያዘው ስለ ክርስቶስ ፍቅር ውሃ በመቅዳት አገኘው። ኋላም ቅስና ተቀበለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ405 ዓመት ገደማ በርበሮች ገዳሙን ሊወሩ በመጡ ጊዜ ወንድሞችን እንዲሸሹ ነገራቸው፤ እርሱ ግን በፈቃዱ ቀርቶ፥ አብረውት ከቀሩት ጋር በሰይፍ ተገደለ።