ከሚነድ መርከብ የተረፈው ሰው

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ሳይንስ ስንጽፍ ግኝቱን እንጂ የጉዞውን ሂሳብ ማን እንደከፈለው ብዙም አንጠይቅም። እኔ ለዚህ እትም አልፍሬድ ራስል ዋላስን የመረጥኩት ለዚሁ ጥያቄ ስል ነው።

ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1823 በዌልስ ተወለደ። ቤተሰቡ ስለተቸገረ በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋርጦ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የመሬት ቅየሳ ሥራ ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ አልተማረም። የነፍሳት ፍቅር ግን ስለያዘው በ1848 ከጓደኛው ከሄንሪ ቤትስ ጋር ወደ አማዞን ሄደ። የሚረዳቸው ድርጅት አልነበረም። ወፍና ቢራቢሮ እየያዙ ለንደን ላለ ወኪል ይልካሉ፤ ወኪሉ ይሸጣል፤ እነሱ በዚያ ይኖራሉ። ንግድ ነው እንግዲህ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1852፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የተሳፈረበት መርከብ ውቅያኖስ መሀል ላይ ተቃጠለ። ጥቂት ሥዕሎችና ማስታወሻዎች ይዞ ጀልባ ላይ ወረደ። ሌላ መርከብ እስኪያገኛቸው 10 ቀን በባሕር ላይ ቆዩ። ወኪሉ ስብስቡን በ200 ፓውንድ ኢንሹራንስ ባያስገባለት ኖሮ ለንደን የሚገባው ባዶ እጁን ነበር።

የማኅበራቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዋላስ የነፍሳትና የእንስሳት ጥናት ማኅበራት ስብሰባዎች ላይ መገኘት ጀመረ። በ1853 ስለ ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ያዘጋጀውን ጽሑፍና ካርታ ለንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር አቀረበ። ማኅበሩም መንግሥትን ጠይቆ ወደ ሲንጋፖር የሚወስደው የነፃ ጉዞ አስገኘለት። በ1854 ተነሣ። የስዊዝ ቦይ ገና ስላልተቆፈረ ግብፅን ያቋረጠው በየብስ ነው።

ልብ በሉ፣ ማኅበሩ ደመወዝ አልቆረጠለትም፤ የሰጠው ቲኬት ነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው እየሸጠ ነው የኖረው። ግን ያቺ ቲኬት ስምንት ዓመትና 125,660 ናሙና አስገኘች። አሊ የሚባል የሳራዋክ ወጣት ወፎቹን እያደነና እያዘጋጀ አብሮት ዞሯል። በ1858 ባቻን ደሴት ላይ ለሳይንስ አዲስ የሆነች የገነት ወፍ ያገኘው አሊ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሟ ግን የወጣው በዋላስ ነው! ይሄ እኔን እስካሁን ያናድደኛል።

በዚያው ዓመት ዋላስ ወባ ይዞት ተኝቶ ሳለ ፍጥረታት በተፈጥሮ ምርጫ እንዴት እንደሚለወጡ የሚያስረዳ ሐሳብ መጣለት። ጽፎ ለዳርዊን ላከ። ዳርዊን ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ለዓመታት ቆይቷልና ደነገጠ። ወዳጆቹ የሁለቱንም ጽሑፍ ጁላይ 1 ቀን 1858 በለንደኑ የሊኒየስ ማኅበር አስነበቡ፤ የዳርዊን ቀደመ። ዋላስ ያን ጊዜ ኒው ጊኒ ነበር፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም። በኋላ ሲሰማ ደስ አለው እንጂ አልተቆጣም። እኔ ብሆን እንጃ።

በ1862 ተመለሰ። በ1863 ለጂኦግራፊው ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ እርሻ እየተስፋፋ ሲሄድ ብዙ ዝርያዎች ሳይታወቁ እንደሚጠፉ አስጠነቀቀ፤ መንግሥታትም ቀድመው ሰብስበው በሙዚየም እንዲያኖሯቸው ጠየቀ። እርግጥ ሰብስቦ ማስቀመጥ ጫካውን መጠበቅ ማለት አይደለም። ቢሆንም በዚያን ጊዜ ይህን ያሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ቋሚ ሥራ ግን አላገኘም። በ1864 በዚሁ ማኅበር ውስጥ ለምክትል ጸሐፊነት ተወዳድሮ ቦታውን የወሰደው ያው የአማዞን ጓደኛው ቤትስ ሆነ። ጽሑፍ እየሸጠና ፈተና እያረመ ኖሮ በ1881፣ በዳርዊን ውትወታ፣ መንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠለት። በ1908 የሊኒየስ ማኅበር የዚያችን የንባብ ቀን 50ኛ ዓመት ሲያከብር፣ በዳርዊንና በዋላስ ስም ያሠራውን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በዚህኛው ስብሰባ ላይ የ85 ዓመቱ አዛውንት ራሱ ተገኝቶ ተናገረ። ያረፈው በ1913 ነው።