ታምራት አማኑኤልና የአዲስ አበባው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት፤ ትንሽ ትምህርት ቤት እንደ ማኅበረሰብ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የመምህሩንና የሊቁን የታምራት አማኑኤልን (1888 ገደማ–1963 እ.ኤ.አ.) ሕይወት ይመረምራል። ትኩረቱ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውና እስከ ኢጣልያ ወረራ ድረስ እርሳቸው የመሩት የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ነው። ጽሑፉ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ልጆችን ከቀያቸው አውጥቶ አዲስ ማኅበረሰብ የሚሆናቸው ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ልጆቹን የላከውን ማኅበረሰብ ማጽናት ይችላልን የሚል ነው።

1. ከአዘዞ እስከ ፍሎረንስ

ታምራት አማኑኤል የተወለዱት ከጎንደር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በአዘዞ አካባቢ ነው። ቤተሰባቸው ከቤተ እስራኤል ወገን ሲሆን በሚሲዮናውያን ስብከት ወደ ክርስትና የተመለሰ ነበር። በዚያ ዘመን ቤተ እስራኤል በአብዛኛው የርስት መሬት አልነበራቸውም። ኑሯቸው በብረት ሥራ፣ በሽመና፣ በሸክላና በጭሰኝነት እርሻ ላይ የተመሠረተ ነበር። ጎረቤት ማረሻና ድስት ቢገዛቸውም በቡዳነት ይጠረጥራቸው ነበር። እነርሱም በበኩላቸው ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ አትንኩኝ በሚባለው ሥርዓት ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ልጅ ከዚህ ክልል ሲወጣ ሃይማኖቱን ብቻ ሳይሆን ማዕዱንና ዘመዱን ጭምር ትቶ ይወጣል ማለት ነው።

ታምራት ይህን መለየት ገና በልጅነታቸው ቀምሰውታል። ወደ ኤርትራ ተሻግረው በአስመራ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ሳሉ፣ በ1897 ዓ.ም. ከዣክ ፋይትሎቪች ጋር ተገናኙ። ፋይትሎቪች በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ምሁር ሲሆን፣ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤልን የጎበኘው የዮሴፍ ሃሌቪ ደቀ መዝሙር ነበር። ዓላማው ቤተ እስራኤልን ከሚሲዮናውያን ስብከት መታደግና ከዓለም አይሁድ ጋር ማገናኘት ነበር። ለዚህም ከሕዝቡ መካከል ወጣቶችን መርጦ በአውሮፓ ማስተማርንና መምህር አድርጎ መመለስን እንደ መንገድ ያዘ። ታምራትና ጌቴ ኤርምያስ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

ታምራት በመጀመሪያ በፓሪስ በአሊያንስ ማኅበር ትምህርት ቤት ተማሩ። ቀጥሎም ወደ ፍሎረንስ ሄደው በኢጣልያ የረቢዎች ኮሌጅ፣ በረቢ ሳሙኤል ሂርሽ ማርጉሊስ አመራር ሥር ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወጣቱ የአዘዞ ልጅ ዕብራይስጥን፣ ፈረንሳይኛንና ኢጣልያንኛን ጠንቅቀው ያወቁት በእነዚህ ዓመታት ነው። በአባታቸው ቤት ያልቀረላቸውን ሃይማኖት መልሰው ያገኙት ግን በግእዝ ኦሪትና በቄሶች ዜማ ሳይሆን፣ በአውሮፓ ረቢዎች ትምህርት አማካይነት ነበር። ይህ ልዩነት በኋላ ዘመናቸውን በሙሉ ተከትሏቸዋል።

2. የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታምራት ከፋይትሎቪች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ1916 ዓ.ም. የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት አስተዳዳሪነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ። ወቅቱ የራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ዘመን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። ስለዚህ የቤተ እስራኤል ልጆች በዋና ከተማው ዘመናዊ ትምህርት ከቀመሱት ቀደምት ወጣቶች ጋር ይቆጠራሉ።

ትምህርት ቤቱ ለምን በጎንደር አልተተከለም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከጦርነቱ በፊት በደምቢያ የተሞከረው ትንሽ ትምህርት ቤት አልጸናም። አዲስ አበባ ለመንግሥት ፈቃድ፣ ለገንዘብ ዝውውርና ለውጭ ግንኙነት ትመች ነበር። ዋጋው ግን ርቀቱ ነበር። ከጎንደር አካባቢ የሚመጣ ልጅ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲደርስ፣ ወላጆቹ ሊጎበኙት ሰንበትም ሆነ ስግድ አብሯቸው ሊውል አይችልም። በመሆኑም ትምህርት ቤቱ መማሪያ ብቻ ሊሆን አልቻለም፤ ማደሪያም፣ ማዕድም፣ የጸሎት ቤትም፣ ቤተ ዘመድም መሆን ነበረበት። የአስተዳዳሪው ሥራ ፊደል ከማስቆጠር አልፎ እህል መሸመትን፣ የታመመ ማስታመምንና ከሹማምንት ዘንድ ስለ ልጆቹ መቆምን ያካትት ነበር።

የትምህርት ቤቱ ታናሽነት ጉድለቱም ብርታቱም ነበር። ተማሪዎቹ ጥቂት ስለነበሩ መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ አገር፣ ወገንና ጠባይ ያውቃል። ከልዩ ልዩ መንደሮች የመጡ ልጆች በቀያቸው ፈጽሞ የማይገናኙ የነበሩ ሲሆን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ማየት ጀመሩ። በሌላ በኩል ጥቂትነቱ ለገንዘብ እጦት አጋልጦታል። ወጪው የሚሸፈነው በዋናነት በአውሮፓና በአሜሪካ ከተቋቋሙት የድጋፍ ኮሚቴዎች ስለነበር፣ መዋጮው ሲዘገይ የልጆቹ ምግብ ይጓደላል። ታምራት ራሳቸው በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለዚሁ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተጉዘዋል።

3. በለጋሽና በቀዬ መካከል

ታምራት ለፋይትሎቪች የጻፏቸው ደብዳቤዎች በታሪክ ተመራማሪዋ በኢማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ ተሰብስበው ታትመዋል። ከእነዚህ ደብዳቤዎች እንደሚታየው የሁለቱ ግንኙነት የአባትና የልጅ ያህል የቀረበ፣ ነገር ግን ውጥረት ያልተለየው ነበር። ፋይትሎቪች የሚፈልገው ውጤት ግልጽ ነው፤ የመሥዋዕት ሥርዓት ቀርቶ፣ ዕብራይስጥ ገብቶ፣ ቤተ እስራኤል የዓለም አይሁድ ልማድ ተካፋይ እንዲሆኑ። ታምራት ግን በሁለቱ ወገን መካከል የቆሙ ሰው ነበሩ። ለለጋሾች ስለ ቤተ እስራኤል የሚያስረዱት እርሳቸው ናቸው፤ ለሽማግሎችና ለቄሶችም ልጆቻቸው ከባዕድ ጋር በልተው ስለመመለሳቸው መልስ የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው።

በወረራው ዋዜማ እስከነበሩት ዓመታት ድረስ ወደ 25 የሚጠጉ ወጣቶች በፋይትሎቪች አማካይነት ለትምህርት ወደ ፍልስጤም፣ ወደ ግብጽና ወደ አውሮፓ ተልከዋል። ከእነዚህም መካከል በውጭ አገር ብርድና በሽታ በለጋ ዕድሜያቸው የሞቱ አሉ። ከተመለሱትም ብዙዎቹ መንደራቸው አልገቡም። ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች በእጅጉ ይፈለግ ስለነበር፣ በመምህርነት ፈንታ በመንግሥት ሥራ ተሰማሩ። ታደሰ ያዕቆብ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ደርሰዋል። ዮና ቦጋለ ግን በውጭ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም በአብዛኛው ለወገናቸው ትምህርት አዋሉ። የሁለቱ መንገድ የትምህርት ቤቱን ድርብ ፍሬ ያሳያል፤ አንደኛው ወገን በአገሪቱ ውስጥ የእኩልነት ስፍራ ሲያገኝ፣ ሌላው ለላከው ቀዬ ተመልሷል።

4. ወረራ፣ ስደትና የኋላ ዘመን

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ታምራት በእጅጉ አስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ወደቁ። ያሳደገቻቸው ኢጣልያ አገራቸውን ወረረች። በዚያው ዓመት የኢጣልያ አይሁድ ማኅበራት ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦን የቤተ እስራኤልን ሁኔታ እንዲያጠና ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ታምራትም ከእርሱ ጋር ተገናኝተዋል። ሆኖም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታደንበት ጊዜ መጣ። ታምራት አገር ጥለው ወደ ግብጽ ተሰደዱ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ከነጻነት በኋላ ታምራት ወደ አገራቸው ተመልሰው በትምህርት ሥራ አገለገሉ። ቀጥሎም በፓሪስ በኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት የባህል አታሼ ሆኑ። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን ያዘጋጁት ጽሑፍም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጥናት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በመጨረሻም በእስራኤል ኖረው በ1963 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

5. ንጽጽር፤ ሆሳዕናና ከምባታ

የታምራትን ሥራ ከደቡቡ ተሞክሮ ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን መልእክተኞች በሆሳዕናና በአካባቢው ሥራ ጀመሩ። በወረራው ዘመን ሲባረሩ ያመኑት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን በሐዲያ፣ በከምባታና በወላይታ በአገሬው ሰዎች የሚመሩ ብዙ ጉባኤዎች ቆዩአቸው። በዚያ አካባቢ ትምህርቱ የተሰጠው በመንደሩ መካከል ስለነበር፣ መምህሩ ሲሄድ ማኅበሩ ባለበት ቀረ። በአዲስ አበባ ግን ማኅበረሰቡ ራሱ በግቢው ውስጥ የተሠራ ስለነበር፣ በሩ ሲዘጋ ተበተነ።

ንጽጽሩ ወሰን አለው። በሐዲያና በከምባታ አዲሱን እምነት የተቀበለው በመሬቱ ላይ የሰፈረ ገበሬ ነበር፤ ቤተ እስራኤል ግን በአብዛኛው ርስት አልባና በየመንደሩ የተበተኑ ነበሩ። የንጽጽሩ ተቀራራቢ አካል፣ በዚያው በሐዲያና በከምባታ ፉጋ በሚል የንቀት ስም ይጠሩ የነበሩት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነት ወገን ከቀዬ መውጣት ብዙ ጊዜ ብቸኛው የመማሪያ መንገድ ነበር።

6. ማጠቃለያ

የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በሕንፃም በቁጥርም ትንሽ ነበር፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ይሁን እንጂ የሥራው ፈለግ አልጠፋም። በ1954 እ.ኤ.አ. በአስመራ የቤተ እስራኤል መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ 27 ወጣቶች በእስራኤል ወደሚገኘው ወደ ክፋር ባትያ ተልከው ሠልጥነዋል። በእነዚያ ዓመታት ዮና ቦጋለ የሥራው ዋና አንቀሳቃሽ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤቶቹ በጎንደር መንደሮች ውስጥ ተተከሉ። ይህም ከታምራት ዘመን የተገኘ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

የታምራት አማኑኤል ሕይወት የሚያሳየው፣ ትንሽ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትልቁ ነገር በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ልጆች አንዱ ስለሌላው ኃላፊነት እንዲሰማቸው ማድረጉን ነው። የዚያው ትምህርት ቤት ትልቁ አደጋም ይኸው ማዕድ የእናት ቤትን ማዕድ እንዲያስረሳ ማድረጉ ነው። ታምራት ሁለቱንም በራሳቸው ሕይወት ያውቁት ነበር። ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሚሲዮን፣ አንዴ በረቢዎች ትምህርት ቤት፣ ከቀያቸው ርቀው ማኅበረሰብ ያገኙ ሰው፣ በጎልማሳነታቸው ለሌሎች ልጆች ያንኑ ማኅበረሰብ ለመገንባት ደከሙ። ልጆቹ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን መንገድ የማበጀቱ ሥራ ግን ለተከታዮቻቸው ተረፈ።