ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር

ተማሪዎች፣ በዚህ ምንባብ የሕይወት ታሪኩ የቀረበላችሁ ሰው በልጅነቱ በፈረስ የተለወጠ፣ በእርጅናው ዘመን ደግሞ ጳጳስ የነበረ አፍሪካዊ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

አጃዪ በ1809 ገደማ፣ ዛሬ ናይጄርያ በምትባለው አገር፣ ኦሾጉን በተባለች የዮሩባ ከተማ ተወለደ። በ1821 ባሪያ ፈንጋዮች ከተማይቱን ከበው አቃጠሏት። ልጁም ከእናቱ ከአፋላና ከእኅቶቹ ጋር በገመድ ታስሮ ተነዳ። ብዙም ሳይቆይ ከእናቱ ተነጥሎ በፈረስ ተለወጠ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። በ1822 ሚያዝያ ወር በፖርቱጋሎች መርከብ ተጫነ፤ ነገር ግን የባሪያ ንግድን ትከላከል የነበረች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ደርሳ ያዘቻት። ሕፃናቱ መዳናቸውን አላወቁም። በመርከቧ ላይ ተሰቅሎ ያዩት ሥጋ የሰው ሥጋ፣ የመድፉ ጥይቶችም የሰው ራስ መስለዋቸው ነበርና በፍርሃት ራዱ። ቀርበው ሲያዩ ግን ሥጋው የአሳማ ነበር።

ከዚያም ነጻ የወጡ ሰዎች ወደሚሰፍሩባት ወደ ሴራሊዮን ተወሰደ። በስድስት ወር ውስጥ ማንበብ ቻለ፤ አናጢነትንም ተማረ። በ1825 ሲጠመቅ ሳሙኤል ክራውዘር ተባለ። በ1827 የፎራህ ቤይ ኮሌጅ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ፤ በኋላም እዚያው አስተማረ። እንደ እርሱ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የዳነችውን አሳኖን አገባ። በ1841 እንግሊዞች በኒጀር ወንዝ ላይ ባደረጉት ጉዞ በአስተርጓሚነት ተካፈለ። በዚያ ጉዞ ከ145ቱ አውሮፓውያን 40 ያህሉ በወባ አለቁ። ይህም የወንዙ አገር ሥራ በአፍሪካውያን እጅ መሠራት እንዳለበት ብዙዎችን አሳመነ። በ1843 ክራውዘር በለንደን ቅስና ተቀበለ። እስካሁን በልጅነቱ ወግ አንተ ስንለው ቆይተናል፤ ከእንግዲህ ግን ቄስ ናቸውና አንቱ እንበላቸው።

ቄስ ክራውዘር ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው አቤኦኩታ በተባለች ከተማ ማስተማር ጀመሩ። በ1846 ነሐሴ ወር እናታቸው በአቅራቢያው በሕይወት መኖራቸው ተሰማ። ተለያይተው 25 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በተገናኙ ጊዜ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዝም አሉ፤ እንባ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። አፋላ በእነዚያ ዓመታት እርሳቸውም ደጋግመው በባርነት ተይዘው ነበር። በ1848 በአቤኦኩታ ሲጠመቁ ሐና ተባሉ።

አሁን ደግሞ የሰዋስው ተማሪዎች ለሆናችሁት ለእናንተ ይበልጥ ወደሚቀርበው ሥራቸው እንለፍ። ዋና የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ፣ አንድ ጊዜ አላልታችሁ አንብቡት፤ ትርጉሙ ይለወጥባችኋል። በዮሩባ ቋንቋ ደግሞ ትርጉም የሚለወጠው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። ኦኮ የሚለው ቃል እንደ ድምፁ አወጣጥ ባል፣ ዶማ ወይም ጀልባ ሊሆን ይችላል። ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች ከጻፉት መካከል ይህን ጉዳይ አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ክራውዘር ናቸው። በ1843 የዮሩባ ቃላት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1852ም ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጡ። የቋንቋውን ጣዕም ለማግኘት ከሽማግሌዎች ጋር እየተቀመጡ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ይለቅሙ ነበር። በ1862 ቤታቸው ተቃጥሎ የ11 ዓመት ማስታወሻቸው አብሮ ነደደ። እኔ በበኩሌ ከደረሰባቸው ጉዳት ሁሉ ይህን ከከባዶቹ እቈጥረዋለሁ፤ የለቀሙትን ቃል የሰጧቸው ሽማግሌዎች ሁሉ እስኪመለሱላቸው አልቆዩምና። ሆኖም ሥራውን አልተዉም። ዋና ተርጓሚው የሆኑለት የዮሩባ መጽሐፍ ቅዱስ በ1880ዎቹ ተፈጸመ።

በ1864 ሰኔ 29 ቀን በካንተርበሪ ካቴድራል ጵጵስና ተሾሙ፤ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጳጳስ መሆናቸው ነው። ከመርከብ ያዳኗቸው ሻለቃ ሊክ አድሚራል ሆነው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝተው ነበር። ፊደል ያስቆጠሯቸው ሴትም መጥተው ነበር። ይሁን እንጂ ሀገረ ስብከታቸው ሲወሰን አቤኦኩታና ሌጎስ ተለይተው ቀሩ። በዚያ የነበሩት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን በአፍሪካዊ ጳጳስ ሥር ለመሆን አልፈቀዱም ነበርና።

ጳጳሱ በኒጀር ወንዝ ዳር በአፍሪካውያን ካህናትና መምህራን እየተረዱ ሠሩ። ደጋፊያቸው የነበሩት የሚሲዮኑ ጸሐፊ ሄንሪ ቬን በ1873 አረፉ፤ ዘመኑም ተለወጠ። ከእንግሊዝ የመጡ ወጣቶች የጳጳሱን ካህናት በሌብነትና በብልግና ከሰሱ። ጥፋተኞች ፈጽሞ አልነበሩም ማለት አይቻልም፤ ግን ጥፋተኛውና ንጹሑ ሳይለይ በአንድነት ተኰነኑ። በ1890 በኦኒቻ በተደረገው ስብሰባ እነዚህ ወጣቶች ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ጳጳስ ሳያከብሩ ካህናቱን ከሥራ አገዱ። ከታገዱትም አንዱ የጳጳሱ ልጅ ሊቀ ዲያቆናት ዳንደሰን ነበሩ። ክራውዘር ከኮሚቴው ወጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ታመው፣ በ1891 ታኅሣሥ 31 ቀን በሌጎስ አረፉ። በእርሳቸው ምትክ የተሾመው አውሮፓዊ ነበር። በ2014፣ ጵጵስና በተሾሙ በ150ኛው ዓመት፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በዚያው ካቴድራል ቆመው ቤተ ክርስቲያናቸው በክራውዘር ላይ ስለፈጸመችው በደል ይቅርታ ጠየቁ።