የላስታና የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ

የአርበኞች ታሪክ በተነሣ ቁጥር የላስታና የዋግ ሕዝብ ከሚያስታውሳቸው ጀግኖች አንዱ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ናቸው። የዋግሹም ከበደ ልጅ ሲሆኑ፣ የዋግሹሞች ቤት የዘር ሐረጉን ላሊበላን መናገሻቸው ካደረጉት ከዛግዌ ነገሥታት ይመዝዛል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም ያዘ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በዋና ከተማዋ የተፈጸመው ጭፍጨፋ የወራሪውን ጭካኔ ለአገሩ ሁሉ ገለጠ። በዚያው ዓመት ክረምት ደጃዝማች ኃይሉ ላስታን አስነሡ። ገበሬውም አዝመራውን ትቶ ተከተላቸው። በዚያው ወራት የጎጃምና የበጌምድር አርበኞች ተነሡ፤ ግራዚያኒም አመፁን ለማፈን ጦርና አውሮፕላን አዘመተ።

ደጃዝማች ኃይሉ መስከረም 1930 ዓ.ም በጠላት እጅ ተገደሉ። ወራሪው አንገታቸውን ቆርጦ ራሳቸውን በሰቆጣና በኮረም ገበያ አሳየ። ገበያ የአገር ሰው የሚገናኝበት፣ ወሬም ወደየመንደሩ የሚዘልቅበት ስፍራ ነው። እህሉንና ከብቱን ይዞ የወጣው ገበሬ አይቶ እንዲፈራ፣ ፍርሃቱንም ለጎረቤቱ እንዲያደርስ ታስቦ ነበር።

የታሰበው ግን አልሆነም። ግራዚያኒ በዚያው በ1930 ዓ.ም ከሥልጣኑ ተነሣ፤ የአርበኞች ተጋድሎ ግን ነጻነት እስከተመለሰበት እስከ 1933 ዓ.ም ቀጠለ። ለማስፈራሪያ የታየው ራስ ለላስታና ለዋግ የጽናት መታሰቢያ ሆኖ ቀረ።