ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ከመቅደላ የጠፋው ሕፃን

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ፣ ለመጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። የነገሥታትንና የጦር አርበኞችን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል። እኛ ግን ተማሪዎች እንደመሆናችን መጠን፣ ትምህርትን በሌላ ሰው ቸርነት አግኝቶ፣ ያገኘውንም ለአገሩ ልጆች ያካፈለ ሰው መምረጥ ወደድን። እኚህም ሰው ዘመናዊ ሕክምና ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉ በቀደምትነት ስማቸው የሚጠራው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ በ1850ዎቹ ዓመተ ምሕረት በጎንደር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ በመቅደላ አምባ ይኖር ነበር። በዚያን ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የተመራ የእንግሊዝ ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጠላት እጅ ከመውደቅ በገዛ እጃቸው መሞትን መረጡ፤ አምባውም ተያዘ፣ ተዘረፈ፣ በኋላም ተቃጠለ። በዚያ ግርግር ውስጥ የሦስት ዓመት ያህል ዕድሜ የነበረው ወርቅነህ ከቤተሰቡ ተለይቶ ጠፋ። እንግሊዞች አገኙት፤ ቻምበርሌን የሚባል ኮሎኔልም አዝኖለት ወደ ህንድ አገር ይዞት ሄደ።

ከዚያው አምባ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ ነበር። ልዑሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በክብር ቢያዝም፣ ዳግመኛ የአገሩን አፈር ሳይረግጥ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንድሶር ተቀበረ። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ዓለም ሁሉ ያወቀው ሳይመለስ ቀረ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ማንም የማያውቀው ግን ዕድሜ ሰጥቶት ተመለሰ። የአምላክ ሥራ ይህን ይመስላል።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆይ ስለ ሞተ ሕፃኑ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አጣ። ሚስዮናውያን በአምሪትሳር ከተማ ባለው ትምህርት ቤታቸው አስገቡት፤ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔልም የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። የእናቱን ቋንቋ ረሳ፤ የአባቱንም ቤት ሊያስታውስ አልቻለም። ነገር ግን በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1870ዎቹ ሐኪም ሆኖ ወጣ። ወደ ስኮትላንድም ተሻግሮ ዕውቀቱን አስፋፋ፤ ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በበርማ አገር ሐኪም ሆነ። ማዕርግና የተደላደለ ኑሮ ነበረው። በዚያው ቢቀር ኖሮ የሚወቅሰው ሰው ባልኖረም ነበር።

በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በዓድዋ ድል ማድረጉ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ሲነገር፣ ዶክተር ማርቲን ልባቸው ወደ አገራቸው ተሳበ። ፈቃድ አግኝተው በገዛ ወጪያቸው ጉዞ ጀመሩ፤ በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ የተማረ ሐኪም ማግኘት ጭንቅ ነበር። ቁስለኛውና ሕመምተኛው፣ ልጅ የታመመበትም እናት ሁሉ ወደ ድንኳናቸው ይጎርፍ ጀመር። እሳቸውም ከሕመምተኞቹ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ኢትዮጵያዊ ሆነው ሳለ የወገናቸውን ሕመም በሌላ ሰው አፍ መስማታቸው ምን ያህል እንደከበዳቸው መገመት አያስቸግርም።

ይህ ወሬ ከብዙ ዓመት በፊት በመቅደላ የልጅ ልጃቸው ከጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። አሮጊቷም መጥተው ሐኪሙን አዩ፤ በሕፃንነቱ በአካሉ ላይ የቀረውን ጠባሳ ፈልገው አገኙ። የልጃቸው ልጅ መሆኑን አረጋግጠው አለቀሱ፤ ወርቅነህ የሚለውንም ስሙን ነገሩት። ሠላሳ ዓመት ያለፈ ስም በአንዲት አያት ልብ ውስጥ ተጠብቆ ኖረ። እኛም ከእንግዲህ ወዲያ ሐኪም ወርቅነህ እያልን እንጠራቸዋለን።

ሐኪም ወርቅነህ ወዲያው አገራቸው ለመቅረት አልሆነላቸውም። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ ወደ በርማ ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በዚያም ጊዜ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ዳግመኛም ወደ በርማ ሄደው አገልግሎታቸውን ሲፈጽሙ፣ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጡረታቸውን ይዘው ለዘለቄታው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ሌላው ሰው የሚያርፍበት ዕድሜ ለሐኪም ወርቅነህ የሥራቸው መጀመሪያ ሆነ።

ሐኪም ወርቅነህ የአገራቸውን ሕመም መርምረው ያገኙት መድኃኒት ትምህርት ነበር። አንድ ሐኪም በቀን የሚያክመው የሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ውኃን ማጥራት፣ ገላን መታጠብ፣ መጽሐፍ ማንበብ የተማረ ልጅ ግን ቤቱንና መንደሩን ያድናል። ስለዚህም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውንም ትምህርት ቤት በኃላፊነት ያዙ። ይህ ሁለተኛው ሥራ በተለይ ልባችንን ነክቶታል። ከእናታቸው እቅፍ ተነጥቀው፣ ስማቸውን ተቀምተው፣ በሰው እጅ የቀሩት እነዚያ ልጆች ምን እንደሚሰማቸው ከሐኪም ወርቅነህ የበለጠ ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?

ተማሪዎች በገዛ ቋንቋቸው ዓለምን እንዲያውቁ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው በ1920 ዓ.ም. አሳተሙ። በልጅነታቸው አማርኛን ጨርሰው የረሱት ሰው ለአማርኛ አንባቢ መምህር ሆኑ። የጣና ሐይቅ ግድብ እንዲሠራ ከአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር እንዲነጋገሩ ወደ ኒው ዮርክ በተላኩ ጊዜም፣ የእጅ ሥራና ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

ከዚህም በኋላ በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ ነበረች። ይህች ትንሽ ከተማ በቡናው ደጋ ላይ ያለች ስትሆን፣ የምድር ባቡር የሚያልፈው ከበታቿ በሚኤሶ በኩል ነው። ከእሳቸው በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመልካም አስተዳደርን መንገድ ጀምረውባት ነበር። ሐኪም ወርቅነህም የመኪና መንገድ በማሠራት፣ ትምህርት ቤትና የሕክምና ቦታ በማቋቋም፣ ግብሩንም በሥርዓት በማስያዝ ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የምትሆን አገር ለማድረግ ደከሙ። መንገድ ከሌለ የገበሬው ቡና ገበያ አይደርስም፤ ገበያ ካልደረሰ ግብር አይገባም፤ ግብር ካልገባም ትምህርት ቤት አይቆምም። ሐኪም ወርቅነህ አንዱን ከአንዱ አያይዘው ይሠሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን ሳይጨርሱት ተቋረጠ። ፋሺስት ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር፣ ሰባ ዓመት ያህል የሆናቸው ሽማግሌ ሌት ተቀን እየደከሙ ለእንግሊዝ ሕዝብ የአገራቸውን እውነት ያስረዱ፣ ለቁስለኛ የሚሆን እርዳታም ይለምኑ ነበር። ባሳደጓቸው ሰዎች አገር፣ ባሳደጓቸውም ሰዎች ቋንቋ ስለ ወለደቻቸው አገር ተሟገቱ።

በዚሁ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በኢትዮጵያ ነበሩ። የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባሎች ሆነው በምዕራብ ኢትዮጵያ ጠላትን ተቃወሙ፤ በኋላም ተያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጠላት የተማረውን ወጣት እየለየ ሲፈጅ፣ ሁለቱም ወንድማማቾች ተረሸኑ። አባትየው በመቅደላ ጦር ከወላጅ ለየው፤ አሁን ደግሞ በስተርጅና ጦር ከልጆቹ ለየው። ያስተማሯቸው አገራቸውን እንዲሠሩ ነበር፤ እነሱም ሕይወታቸውን ሰጧት።

ሐኪም ወርቅነህ ከሎንዶን ወደ ህንድ ሄደው ቆይተው፣ አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. ሰማንያ አምስት ዓመት ያህል ካለፋቸው በኋላ በወገናቸው መካከል ዐረፉ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ለሐኪም ወርቅነህ የትምህርት ዋጋ የከፈሉት ባዕዳን ነበሩ፤ እሳቸው ግን ዕዳውን የከፈሉት ለማያውቋቸው የኢትዮጵያ ልጆች ነው። የእኛን ዋጋ የሚከፍሉት ወላጆቻችን፣ መምህሮቻችንና ይህን ቤት ያቆመው ገበሬና ነጋዴ ናቸው። ስለዚህ ዕዳችን ከእሳቸው ይልቅ የቀረበና የታወቀ ነው። ነገ ከመካከላችን ወደ ውጭ አገር ሄዶ የሚማር ይኖራል፤ ኑሮው ቢደላውም ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ሕመምተኛ ልጇን ታቅፋ በሩቅ መንደር የሐኪም ያለህ የምትል እናት እንዳለች ባይረሳ መልካም ነው። ሐኪም ወርቅነህ ቋንቋቸውን እንኳ ረስተው ሳለ እሷን አልረሷትም፤ እኛ ስሟንም ቋንቋዋንም እያወቅን ብንረሳት ምን ምክንያት እናቀርባለን?