ከሮም በኋላ፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና ለዕለት ኑሮ የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴ

መግቢያ

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ የሮጠው ማራቶን ነው። ይህ ትውስታ እውነት ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ይጋርዳል። አንደኛው፣ ድሉ ከተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ከተመራ ልምምድ የተገኘ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አበበ የሕይወቱን የመጨረሻ አራት ዓመት ተኩል ያህል ያሳለፈው መራመድ ተስኖት፣ የቀረውን የሰውነቱን ኃይል በልምምድ እየገነባ መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ወቅቶች አያይዞ በመመልከት፣ የአካል እንቅስቃሴ ዋጋ በውድድር ሳይሆን በዕለት ኑሮ ራስን በመቻል ሲመዘን የአበበ ሕይወት ምን እንደሚያሳይ ይመረምራል። በመጨረሻም ጉዳዩ በከሚሴና በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ለሚደረግ የጤናና የስፖርት ጥናት ያለውን ፋይዳ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከጃቶ እስከ ክብር ዘበኛ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው በገጠር ሲሆን፣ በሰፊ ሜዳ ላይ ብዙ መሮጥ የሚጠይቀውን የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። የሩጫ ችሎታው የተገራውም በዚሁ ሠራዊት ውስጥ፣ በፊንላንድ ተወልዶ የስዊድን ዜጋ በሆነው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ነው። ኒስካነን የረጅም ርቀት ሩጫን በመም ላይ ከሚደረግ የፍጥነት ልምምድ ጋር አጣምሮ ያሠራ ነበር፤ ሰዓትን ይመዘግባል፣ ዕረፍትንም የልምምዱ አካል አድርጎ ይቆጥራል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም የተገኘው ድል የዚህ ሥርዓት ውጤት ነው። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስለማያውቅ አልነበረም። በጫማም ያለ ጫማም ተለማምዶ ነበር፤ በሮም ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ግን ያለ ጫማ መሮጥን መረጠ። የመጨረሻው ግስጋሴ የት እንደሚጀመርም አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነቅሎ በተወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ። የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በሆነ ጊዜ ውድድሩን ፈጸመ። ይህም በወቅቱ የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበር።

የቶኪዮ ሜዳና የቁጥጥር ጥበብ

ለዚህ ጥናት ከሮም ይበልጥ የሚጠቅመው የቶኪዮ ውድድር ነው። አበበ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በመሮጥ አሸነፈ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ቤዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። በዚህ መሐል አበበ በስታዲየሙ ሣር ላይ ጀርባውን አስተኝቶ እግሮቹን እያነሣ፣ ሰውነቱን እያሳሳበና እያጠፈ የማፍታቻ እንቅስቃሴ ይሠራ ነበር። ተመልካቹ የጥንካሬው ትርኢት አድርጎ ያደነቀው ይህ ድርጊት፣ ከድካም በኋላ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በሥርዓት የማረጋጋት ልማድ ነበር።

በመሬት ላይ ተጋድሞ ሰውነትን በቁጥጥር የማንቀሳቀስ ዘዴ በሌላው ዓለምም የራሱ ታሪክ አለው። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 የተወለደው ጆሴፍ ፒላቲስ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዞች ተይዞ በማን ደሴት ታስሮ ሳለ ለእስረኛ ባልንጀሮቹ የአካል እንቅስቃሴ ያስተምር ነበር። ከአልጋ መነሣት ያልቻሉት እንዲለማመዱ በአልጋቸው ላይ ስፕሪንግ ያስር እንደነበርም ይነገራል። ኋላ በኒው ዮርክ ያስፋፋውና ዛሬ በስሙ የሚጠራው ዘዴ በአተነፋፈስ፣ በሆድና በጀርባ ጡንቻዎች ጥንካሬ፣ በዝግታና በትክክለኛ አኳኋን ላይ ያተኩራል። ንጽጽሩ የመርሕ እንጂ የታሪክ ዝምድና አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ግን ሰውነት የሚጠበቀው በአንድ ጊዜ ብርታት ሳይሆን በተደጋጋሚና በተቈጠበ እንቅስቃሴ ነው።

የመኪናው አደጋና ስቶክ ማንደቪል

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በተካሄደው የሜክሲኮ ማራቶን አበበ በእግር ሕመም ምክንያት ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉም የጓደኛው የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች፤ እስኪነጋም ድረስ በውስጧ ተይዞ ቆየ። ኅብለ ሰረሰሩ በመጎዳቱ መጀመሪያ ላይ አራቱም እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። ከአንድ ሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ።

ይህ ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የታወቀ ነበር። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍሉን ከማቋቋሙ በፊት፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሕሙማን አብዛኞቹ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአጭር ጊዜ ይሞቱ ነበር። ጉትማን ሕሙማኑን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ ንጽሕናንና ንቁ እንቅስቃሴን የሕክምናው ምሰሶ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1948 በሆስፒታሉ ግቢ የጀመረው የቀስት ውድድር ለፓራሊምፒክ መነሻ ሆኗል። ቀስት የተመረጠው ትከሻን፣ ክንድንና የላይኛውን አካል ስለሚያጠነክር፣ ሚዛን መጠበቅንም ስለሚያለማምድ ነው። እነዚህ ለሕመምተኛው ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሸጋገር፣ ልብስ ለመልበስና ወንበሩን ራሱ ለመግፋት የሚያስፈልጉት ችሎታዎች ናቸው።

አበበ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲያልፍ የእጆቹን ኃይል መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን አልዳኑም። ልምምድ የተቆረጠውን ነርቭ አይቀጥልም፤ የቀረውን ግን ለኑሮ ያበቃል። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጋብዞ ሳለ፣ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ተንሸራታች እሽቅድምድም ገብቶ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲቀርብ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኙ።

ውይይት፦ ከአበበ ወደ ከሚሴ

አበበን ወደ ስቶክ ማንደቪል ያደረሰው ዝናውና አገሩ የሰጠችው ክብር ነው። በዚያ ዘመን ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት ገበሬ ወይም ሾፌር ይህ ዕድል አልነበረውም። ስለዚህ ሕይወቱ ሊጠና የሚገባው ለልዩነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከሕክምናው ውስጥ በማናቸውም ስፍራ ሊሠራ የሚችለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጭምር ነው። ማገላበጥ፣ መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ፣ በአተነፋፈስ የታገዘ የጀርባና የሆድ ጡንቻ ልምምድ፣ በክንድ ራስን ማንሣት፦ እነዚህ ከመሣሪያ ይልቅ ዕውቀት፣ ትዕግሥትና የሠለጠነ ረዳት ይፈልጋሉ።

ከሚሴ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ጎዳናው ገበያን እንደሚያመጣ ሁሉ የአደጋ ሥጋትንም ይዞ ያልፋል። በዙሪያዋ ባሉት በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲና በባቲ ወረዳዎች ኑሮ በእርሻ፣ በከብት እርባታና በገበያ ጉዞ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ መራመድ፣ ማጎንበስና ሸክም ማንሣት የዕለት ሥራ ናቸው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑም ለውዱእ ማጎንበስ፣ በሶላት ሩኩዕና ሱጁድ ማድረግ፣ ከመሬትም ተነሥቶ መቆም የመገጣጠሚያን ጤና በየቀኑ ይፈትናሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው በቅድሚያ የሚያጣው ስፖርትን ሳይሆን እነዚህን ነው። ለአካባቢው የሚዘጋጅ የእንቅስቃሴ መመዘኛ ከውጭ የመጣ ፈተና ብቻ ከሚሆን፣ እነዚህን ተግባራት ቢያካትት ለተጠኚው ትርጉም ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

የአበበ ቢቂላ ሕይወት በተለምዶ በድልና በመከራ ተከፍሎ ይተረካል። በልምምድ ዓይን ሲታይ ግን ያው ሥራ ነው፦ ያለውን አካል ማወቅ፣ በመጠን ማሠራት፣ በየቀኑ መድገም። በቶኪዮ ሣር ላይ እግሩን ያነሣ የነበረው ሰውና በስቶክ ማንደቪል ቀስት የሳበው ሰው የሚለያዩት በቀረላቸው ኃይል እንጂ በሥርዓታቸው አይደለም። የአካል እንቅስቃሴን የአትሌቶች ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚቆጥር አመለካከት የሕይወቱን ሁለተኛ አጋማሽ ትምህርት ያጣል። ለከሚሴ ሽማግሌ፣ ለባቲ ገበያተኛና በመኪና አደጋ ለተጎዳ ወጣት ይበልጥ የሚቀርበውም ይኸው ሁለተኛው አጋማሽ ነው።